ሰማንያው ቀን የእኔ ነው

ሙሉሰው የክርስትናውን ነገር ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፎ ጨርሷል። ለቄሱ ተነግሯል፣ የክርስትና አባት ተገኝቷል፣ ጠላው ደርሷል፣ ሕፃኑን ይዛ የምትገባዋ ሴትም ተመርጣለች። ለአስቻለች የነገራት ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከከተተ በኋላ ነው።

"ነገ ወንዱን ልጅ ይዘሽ የምትገቢው አንቺ ነሽ።"

አስቻለች ጓዳ ተቀምጣ ሴቷን ሕፃን እያጠባች ነበር። ቀና አላለችም።

"የት ነው የምገባው?"

"ቤተ ክርስቲያን ነዋ! አክስቱ አይደለሽ?"

"ጋሼ ሙሉሰው፣ ዛሬ ስንተኛ ቀኔ ነው?"

"ሠላሳ ዘጠኝ። ነገ አርባ።" በመሥሪያ ቤቱ የፕላን ባለሙያ ነው፤ ቁጥር አይሳሳትም።

"ሴት ለወለደችስ ስንት ነው?"

ሙሉሰው ወረቀቱ ያለበትን ኪሱን ዳበሰ። ሰማንያ መሆኑን ያውቃል። የወለደች ሴት ቀኗ ሳይሞላ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ ትቆጥራለች። መንታ ወልዳ አንዷ ሴት ከሆነች ደግሞ የምትጠብቀው ሰማንያውን ነው። ይህን ሁሉ አስቦበታል። ነገ ሚስቱ አገኘሁሽ ደጅ እንደምትቀር ወረቀቱ ላይ ጽፏል። ስህተቱ እዚያ ላይ ነው፤ አገኘሁሽ አልወለደችም።

አገኘሁሽ የአስቻለች ታላቅ እህት ናት፤ ሰቆጣ ውስጥ ሒሳብ ታስተምራለች። ከአምስት ዓመት በፊት በዕጢ ምክንያት ማሕፀኗ በቀዶ ጥገና ወጥቷል። አዲስ አበባ ያገኙት ሐኪም "እንቁላልሽ ጤነኛ ነው፤ ያጣሽው ማደሪያውን ነው" ሲላት ወደ ትውልድ አገሯ ፃግብጂ ወረደችና እህቷን ለመነቻት። አስቻለች ባሏ በጦርነቱ ጊዜ የሞተባት፣ መሬቷን የእኩል ሰጥታ ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት ነበረች። እህቷን እስከ መጨረሻው ሰማቻትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"ያማል?"

"መርፌው ያማል አሉ።"

"መርፌ ምን አላት!" አለች፤ ልጆቿን ለእናቷ ሰጥታ ተከተለቻት።

የአገኘሁሽና የሙሉሰው ዘር በአስቻለች ማሕፀን ገባ፤ ሁለት ሆኖ ያዘ። እህትማማቾቹ እስከ ወሊድ ድረስ አዲስ አበባ ቤት ተከራይተው ተቀመጡ። ለሰቆጣ ሰው የተነገረው አገኘሁሽ እርግዝናው ስለከበዳት ሐኪም አጠገብ እንደምትቆይ፣ እህቷም እንደምታስታምማት ነበር። መንታዎቹ ተወልደው ሲመለሱ አገኘሁሽ ሻሽ አስራ አልጋ ላይ ወጣች። ጎረቤት አራስ ሊጠይቅ ሲመጣ አስቻለች ገንፎውን አገነፋች፣ አገኘሁሽ በላች። ከዚያ አስቻለች ጓዳ ገብታ በሩን ዘግታ ሁለቱንም አጠባች።

"አንቺ ደጅ ከቀረሽ ሰው ምን ይላል?" አለ ሙሉሰው። "ባል የለሽ!"

"ዲቃላ ወለደች ይበል።"

"አንቺ ትችይው ይሆናል። ልጆቹስ? ነገ ትምህርት ቤት 'እናታችሁ የትኛዋ ናት?' ሲባሉስ?"

"እናታችን ይቻት፣ የወለደችን አክስታችን ናት ይበሉ። ምኑ ይከብዳል?"

"ፈርመሻል፣ አስቻለች።"

"የፈረምኩት ልጆቹ የእናንተ ናቸው ብዬ ነው። አሁንም የእናንተ ናቸው። አልተሸከምኳቸውም ብዬ ግን አልፈረምኩም።"

አገኘሁሽ ከአልጋው ላይ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣንጋ ጠራቻት። ሙሉሰው የጎጃም ሰው ነው፤ ቋንቋውን አይሰማም።

"ይኸው ጀመራችሁ" አለ። "እኔን ልታሙ ሲሆን አማርኛው ይጠፋችኋል።"

"አንተን ለማማት አማርኛውም ይበቃናል" አለችው ሚስቱ። እህቷ አጠገቧ ስትቀመጥ ግን ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። "ለእኔ ስትይ ግቢ። አንድ ቀን ናት። ከዚያ ወደ ልጆችሽ ትሄጃለሽ፣ ነገሩም ይረሳል።"

"ማን ነው የሚረሳው?"

አገኘሁሽ ሻሿን አጠበቀች።

"እትዬ፣ ገንፎ እያገነፋሁ ለሰው ሁሉ ዋሸሁልሽ። አሁን የምትይኝ ግን ታቦት ፊት በገላዬ እንድዋሽ ነው። አልችልም። ወንዱ በግራ ጎኔ ነበር። እሱ ሲራገጥ እሷ ትነቃ ነበር። አሁንም እንደዚያው ናቸው፤ እሱ ሲያለቅስ አይኗን ትገልጣለች። እናታቸው አንቺ ነሽ። ይህን የማውቀው ግን እኔ ነኝ። ነገ በዚያ ደጃፍ ገባሁ ማለት፣ ይህ ሁሉ አልሆነም አልኩ ማለት ነው።"

አገኘሁሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ ማለዳ ከደጀ ሰላሙ ፊት ደረሱ። አገኘሁሽ ሴቷን ልጅ፣ ሙሉሰው ወንዱን ይዘዋል። የሰፈር ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ ተከትለዋል፤ ጎረቤታቸው ይመኙሻል እንደ ልማዷ ከፊት ናት። አባ ወልደ ሐዋርያት መስቀላቸውን ይዘው ወጡ።

"ሕፃኑን ማን ነው የሚያስገባው?"

"አክስቱ ናት አባ" አለ ሙሉሰው፤ ልጁን ወደ አስቻለች ዘረጋው።

አስቻለች ከደፉ ወዲህ ቆማ እጇን አልዘረጋችም። "እኔ አልገባም አባ።"

"ምነው ልጄ?"

"ቀኔ አልሞላም።"

"የምን ቀን?" አለች ይመኙሻል።

"የወሊድ።"

"በስመ አብ! ከማን?" ይመኙሻል ወደ ሴቶቹ ዞረች። "እኔኮ ወገቧ ሰፋ ስል የአዲስ አበባ ዳቦ መስሎኝ!"

ሴቶቹ ሳቁ። አባ ወልደ ሐዋርያት አልሳቁም።

"ስንተኛ ቀንሽ ነው?"

"አርባ ነው አባ። ግን ሴትም አለችበት፤ ሰማንያ እቆጥራለሁ።"

ቄሱ አንዱን ሕፃን አዩ፣ ሌላዋን አዩ። በዚህ መሃል ወንዱ ልጅ ማልቀስ ጀመረ፤ ስለሚቆርብ ሳይጠባ ነው ያደረው። ወዲያው የአስቻለች ቀሚስ ደረቱ ላይ ሁለት ቦታ ረጠበ። ነጠላዋን ልትደርብበት ትችል ነበር። አልደረበችም። ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ።

"ደክሟት ነው አባ" አለ ሙሉሰው ተጣድፎ። "ይመኙሻል ታስገባው። ይመኙሻል፣ እንኪ፣ ተቀበይኝ!"

ይመኙሻል እጇን ዘረጋች።

"አትንኪው!" አለች አገኘሁሽ።

እዚያ የቆሙት ሴቶች ሁሉ ኽምጣንጋ ይሰማሉ። እሷ ግን የተናገረችው በአማርኛ ነው፤ መስማት የነበረበት ባሏ ነበርና።

"የማስገባው እኔ ነኝ።"

"አንቺ አራስ አይደለሽ እንዴ?" አለች ይመኙሻል።

"አይደለሁም። ልጆቹ የእኔና የባሌ ናቸው። በሐኪም እጅ በእህቴ ማሕፀን ገቡ፤ የተሸከመቻቸውና የወለደቻቸው እሷ ናት። እኔ የምቆጥረው ቀን የለኝም።" ወደ ሴቶቹ ዞረች። "እህቴ ላይ የሳቀ ሰው ዛሬ ጠላዬን አይቅመስ።"

አባ ወልደ ሐዋርያት ሁለቱን እህትማማቾች በየተራ አዩ።

"ይህ ነገር ብዙ ያነጋግረናል አገኘሁሽ" አሉ። "ከባልሽ ጋር እቤቴ ትመጫለሽ።"

"እሺ አባ።"

"የሕፃኑ ቀን ግን ዛሬ ነው። ግቢ።" ወደ አስቻለች ዞሩና መስቀሉን ከሩቁ አነሱላት። "አንቺም በሰማንያ ቀንሽ ነይ። እኔው ራሴ እቀበልሻለሁ።"

አገኘሁሽ ሴቷን ልጅ ለእህቷ አስታቀፈቻት። ጫማዋን አወለቀች፣ ወንዱን ከባሏ እጅ ወሰደችና ደፉን ተሻገረች። ሙሉሰው መሃል ላይ ቀረ።

"አሁን ሰው ሁሉ ሰማ" አለ ዝግ ብሎ።

"ይስማ" አለች አስቻለች። "ግባ እንጂ ጋሼ፤ ልጅህ ሊጠመቅ ነው።"

ጫማውን አወለቀ። አንዱ ካልሲው ተረከዙ ላይ ተቀዷል። እንደዚያው ገባ።

አስቻለች ከደጀ ሰላሙ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። በእህቷ ቤት ጓዳ ስትደበቅ የከረመችው ሴት የቀሚሷን ቁልፍ በአደባባይ ፈታችና ሕፃኗን ማጥባት ጀመረች። ሴቶቹ አንድ ሁለት እያሉ ገቡ። ይመኙሻል ብቻ ቀረች።

"እና አሁን የማን ናቸው?"

"የእነሱ።"

"አንቺስ?"

"የወለድኳቸው ነኛ።"

"እኔ እንጃ፣ ይኼ ነገር አልገባኝም።"

"ሰማንያ ቀን ሲሞላኝ ነይና አስረዳሻለሁ። እስከዚያ ፀሐዩን አትከልይብን፤ ልጅቷን በረዳት።"

ይመኙሻል ከፊታቸው ዘወር አለች። ፀሐዩ የሕፃኗ ጉንጭ ላይ አረፈ። ከውስጥ ውኃው የነካው ልጅ ጮኸ። ልጅቷ መጥባቷን አቆመችና አይኗን ገለጠች።

"ሰማሽው?" አለቻት አስቻለች። "የሱ ደረሰ። ለእኔና ለአንቺ ገና አርባ ቀን ይቀረናል።"