ውድ ባልደረባችን

አናጢው በዚያ የእንጨት ሥራ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። አሥራ ዘጠኙን ዓመት «ከሰል» ሲባል ነው የኖረው። ወገኖቹ ከወንዙ ማዶ የመጡ ናቸው፤ ከሠራተኛው ሁሉ የጠቆረው እሱ ነበር። ለእንደነሱ ዓይነቱ ሰው ስም ለማውጣት ደግሞ በዚያ ከተማ ማንም ፈቃድ አይጠይቅም።

«ከሰል፣ ያቺን ሳንቃ ወዲህ በላት!»

«ከሰል፣ መብራት ሲጠፋ ፈገግ በልልን፤ እንዳንገጭህ።»

ይስቃሉ። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። ያልሳቀ ቀን «ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ?» እያሉ እስኪመሽ አይለቁትም። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ፊቱን አይታ «ዛሬም አሳቁህ?» ትለዋለች። ሌላ ነገር አትጠይቅም።

ከሦስት ዓመት በፊት ነገሩ ተለወጠ። አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ብዙ ዕቃ ሊያሠራ መጣና፣ ሠራተኞቹን በእኩል ዓይን ለማያይ ድርጅት ሥራ አልሰጥም አለ። ሽማግሌው ባለቤት ሞተው ልጃቸው ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ቦታውን ይዞ ነበር። ልጅየው ጫማው የሚያበራ አሠልጣኝ አመጣ። ሠራተኛው ሁለት ቀን ወንበር ላይ ተቀምጦ ተማረ። «ከሰል» የሚለው ቃል ተከለከለ። ሰባት ሰው ያለበት የመከባበር ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ከሰባቱ አንድም የወንዝ ማዶ ሰው አልነበረበትም። የምስክር ወረቀት መጣና መግቢያው ላይ ተሰቀለ። ፍሬሙን የሠራው አናጢው ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎት ነበር። ሃያ ዓመት ጫማው ውስጥ የኖረች ጠጠር የወጣችለት ሰው ምን እንደሚሰማው ያን ሳምንት አወቀው። ወደ ቤቱ ሲሄድ አንገቱ ቀና ብሎ ነበር።

ኮሚቴው በ«ከሰል» ፋንታ «ውድ ባልደረባችን» በሉት አለ። ቀለም ቀቢው ቀለም ቀቢ፣ ሾፌሩ ሾፌር፣ ዘበኛው ዘበኛ እንደተባሉ ቀሩ። ከመካከላቸው ውድ የሆነው እሱ ብቻ ነበር። ወር ሳይሞላ አፋቸው ለመደው።

«ያን ሁሉ ሰጋቱራ ማን ይጥረገው?»

«ውድ ባልደረባችን ነዋ!»

ይህን ሲሉ ይጠቃቀሳሉ። ሳቁ ያው የድሮው ሳቅ ነው። አሁን ግን አኮረፍኩ ቢል ማን ይሰማዋል? «ውድ» ተብሎ የሚቀየም ሰው አለ?

ይህንንም ችሎት ነበር። ያልቻለው አቧራውን ነው።

የመጋዙ ክፍል አንድ መስኮት ብቻ አለው፤ እሱም ከጣሪያ ሥር ነው። ድሮ አራት ሰዎች በየሳምንቱ በተራ ይገቡበት ነበር። አንዱ ጀርባዬን አመመኝ ብሎ ወጣ፤ አንዱ ወደ ቀለም ቤት ተዛወረ፤ ሦስተኛው ዘመድ ነበረው። ተራው እያጠረ እያጠረ ሄዶ አናጢው ላይ ቆመ። ስድስት ዓመት ያን ክፍል ብቻውን ተነፈሰው። ሲያስል ከአፉ የሚወጣው ቡናማ ነበር። የሄደበት ሐኪም የሳንባውን ፎቶ ብርሃን ላይ አንስቶ አየና «አባቴ፣ ከዚህ አቧራ ካልወጡ ሳንባዎ ከእርስዎ ቀድሞ ጡረታ ይወጣል» አለው። ቀልድ መስሎት ቀና ብሎ ሲያየው ሐኪሙ አልሳቀም።

በዚያው ወር ገጣሚው ጡረታ ወጣ። ገጣሚ ማለት የተሠራውን ዕቃ ደንበኛው ቤት ድረስ ወስዶ የሚገጥም ሰው ነው። ሥራው መኪና ላይ ነው፣ የሰው ቤት ነው፣ ንጹሕ አየር ነው። አናጢው ቱታውን አራግፎ ገጣሚ አድርጉኝ ሊል ወደ ቢሮ ወጣ።

ይህን ጥያቄ ከዓመታት በፊት ሽማግሌውን ባለቤት ጠይቋቸው ያውቃል። እሳቸው ከወንበራቸው ሳይነሡ «እጅህ ወርቅ ነው፤ ግን ማን መኝታ ቤቱ ያስገባሃል? እኔ የምሸጠው እንጨት ነው፤ ከሰው ጋር አታጣላኝ» ብለውታል።

ልጃቸው ግን ብድግ ብሎ ወንበር ሳበለት። ውኃ አስቀዳለት። አጠገቡ የኮሚቴው ጸሐፊ ተቀምጣለች፤ ስልክ የምታነሳውም እሷ ናት።

«ጋሼ፣ ጥያቄዎን በጣም እናከብራለን» አለ ልጅየው። «ግን የደንበኛ ነገር ያውቁታል። አንዳንዱ አፉ አያርፍም። እርስዎ እንዲጎዱብን አንፈልግም።»

«እየተጎዳሁ ያለሁት እዚህ ነው» አለ አናጢው። የሐኪሙን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እሱን እናየዋለን። የተሻለ የአፍንጫ መሸፈኛ እናስመጣለን።» ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። «እስቲ አንቀጽ ስድስትን አንብቢላቸው።»

ጸሐፊዋ አነበበች። «ለመገለል ተጋላጭ የሆኑ ውድ ባልደረቦች፣ ክብራቸውን ሊነካ ወደሚችል የደንበኛ መኖሪያ አይላኩም።»

«ይሄን ማን ጻፈው?» አለ አናጢው።

«ኮሚቴው። ለእርስዎ ተብሎ ነው።»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«ጋሼ፣» አለች ልጅቷ፣ በእውነት ተጨንቃ፣ «ቅር እንዳይልዎት ብለን እኮ ነው ያልጠየቅንዎት።»

ደረጃውን ሲወርድ ልቡ እንደ ጋለ ብረት ሆነ። አባትየው በሩን ፊት ለፊት ነበር የዘጉበት። ልጅየው ውኃ አጠጥቶ ዘጋበት፤ ለውኃውም አመስግኖ እንዲወጣ ይጠብቃል።

የገጣሚነቱ ቦታ ለሥራ አስኪያጁ ሚስት ወንድም ተሰጠ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ክፋት የለበትም፣ ጥድፊያ ግን አለበት።

በዚያ ሥራ ቤት ቁም ሳጥን መጀመሪያ ያለ ኮላ ተገጥሞ ይታያል። ከዚያ ይፈታና ደንበኛው ቤት እንደገና ይገጠማል። የቱ ጎን ከየቱ እንደሚገናኝ ሌሎቹ በእርሳስ ቁጥር ይጽፉበታል። አናጢው የሚያደርገው አባቱ ያስተማሩትን ነው፤ በጠርዙ ላይ በቢላ ጫፍ ይጭራል። ለግራ ሁለት ጭረት፣ ለላይ አንድ ነጥብ፣ ለበር አንድ አግድም። እርሳስ ይጠፋል፤ ጭረት አይጠፋም። ጡረታ የወጣው ገጣሚ ይህን እንደ ፊደል ያነበው ነበር። አዲሱን ያስተማረው የለም፤ እሱም አልጠየቀም። የመጀመሪያውን ቁም ሳጥን ሊጭን ሲል ጭረቶቹን አየና «ይሄ ሰውዬ ዕቃውን አበላሽቶታል» ብሎ ብርጭቆ ወረቀት አነሳ። ሁሉንም ፍቆ ልስልስ አደረጋቸው።

ደንበኛዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ። ገጣሚው እቤታቸው ግማሽ ቀን ሲታገል ዋለ። ግራው ቀኝ ሆነ፣ ቀኙ ግራ ሆነ፣ በሩ አልዘጋ አለ። ሲመታው አንደኛው ጎን ጫፉ ተሰነጠቀ። መምህርቷ ስልክ አንስተው «የሠራው ሰው ካልመጣ ይሄን ማገዶ መልሳችሁ ውሰዱት!» አሉ።

አንቀጽ ስድስት በአምስት ደቂቃ ተረሳ። አናጢውን መኪና ላይ አስወጡት። ክብሩን እንድትጠብቅለት ተብሎ ጸሐፊዋ አብራው ተላከች። በሩ ሲከፈት እሷ ቀድማ ገባችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እትዬ፣ ባልደረባችን... ያው እንደሚያዩት... እንዳይደነግጡ ብዬ ነው» አለች።

«ምነው፣ ተላላፊ በሽታ አለበት?» አሉ መምህርቷ።

«ኧረ የለበትም!»

«ታዲያ ይግባዋ።»

አናጢው ገባ። መኝታ ቤቱ ውስጥ ወንበር ላይ የእጅ ቦርሳ ነበር። መምህርቷ እሱን አየት አደረጉና ቦርሳውን አንሥተው ብብታቸው ሥር አስገቡት። እሱም ይህን አየ። እንዲህ ያለውን ነገር ሳያይ ያለፈበት ቀን አልነበረም። ተንበረከከና ጣውላዎቹን በጣቱ መዳበስ ጀመረ። ጭረቶቹ ጠፍተዋል፤ እጁ ግን እያንዳንዱን ጣውላ ያውቀዋል። ይቺ ግራ ናት። ይቺ የላይ። ይቺ ደግሞ በመዶሻ የተቀጠቀጠችው።

መምህርቷ ከደጃፉ አልተነቃነቁም። የተሰነጠቀውን ጫፍ በኮላ ሲይዘው፣ በሩን አንሥቶ በአንድ ጊዜ ቦታው ላይ ሲያስቀምጠው አዩ።

«ከስድስት ዓመት በፊት የመጽሐፍ መደርደሪያ አሠርቼ ነበር» አሉ። «ጠርዙ ላይ ጭረት ጭረት ነበረበት።»

«እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«አንተ ነህ? ስንት ጊዜ ላኩልኝ ብዬ ደወልኩ! ኩራተኛ ነው፣ የሰው ቤት መግባት አይወድም አሉኝ።»

የአናጢው እጅ ቆመ። «እንዲህ ያለው ማነው?»

«ስልክ የምታነሳው ልጅ ናታ።»

ጸሐፊዋ ጫማዋን ማየት ጀመረች። «ለደንበኛ ምን እንበል?» አለች ቀስ ብላ። «እውነቱን ብንል ነውር ይሆን ነበር።»

ትንሽ ቆይተው መምህርቷ «ጉሮሮህ ደርቋል፣ ውኃ ላምጣልህ» ብለው ሄዱ። ቦርሳውን ወንበሩ ላይ መልሰው አስቀምጠውታል። አናጢው ቦርሳውን አየ፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ከገባ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኖታል። እሱን ለማመን እኚህን ሴትዮ አንድ ሰዓት ከሩብ በቃቸው። ለዚያ ሥራ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት አልበቃውም፤ ምክንያቱም በእሱና በደንበኛው መካከል ቆመው ማንንም አላሳለፉም። መጀመሪያ በስድብ ቆሙ፣ አሁን ደግሞ በአክብሮት።

በማግሥቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመከባበር ስብሰባ ነበር። ሥራ አስኪያጁ የታተመ ወረቀት ይዞ ቆመ። «ዛሬ» አለ፣ «ለውድ ባልደረባችን የትዕግሥት ምስክር ወረቀት እንሰጣለን። ጋሼ፣ ይምጡና ፎቶ እንነሣ።»

ተጨበጨበ። አናጢው ወደ ፊት ወጣ፤ ወረቀቱን ግን አልተቀበለም።

«ፍሬሙን የምሠራለት እኔ ነኝ፣ አይደል?»

አንዳንዱ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

«ከመጋዙ ክፍል አውጡኝ ብያለሁ። ገጣሚ አድርጉኝ ብያለሁ። እንደገና እያልኩ ነው።»

«ጋሼ፣ ስሜትዎ ይገባናል...»

«ስሜቴን ተወው ልጄ። እኔ የምልህ ሳንባዬን ነው።»

ከኋላ ቀለም ቀቢው ጎረቤቱን በክርኑ ጎሸም አድርጎ «ውድ ባልደረባችን ዛሬ ተቆጡ» አለ።

አናጢው ዞረ። «አዎ ተቆጥቻለሁ። ከሰል ስትለኝ መቆጣት ነበረብኝ፤ ያኔ ፈራሁህ። አሁን ውድ ስትለኝ ደግሞ ሁሉም ጨዋ ይልሃል። ሁለቱንም አልፈልግም። ስሜ ደመወዝ የምትፈርሙበት ወረቀት ላይ አለ፣ አንብበው።»

ቀለም ቀቢው አቀረቀረ።

«አንቀጽ ስድስት ግን...» ብላ ጀመረች ጸሐፊዋ።

«እኔን ከስድብ ልታድኑኝ ከሆነ፣» አለ አናጢው፣ «መጋዙ ክፍል ውስጥ አቧራ ሳስል ኮሚቴው የት ነበር? ከሰባታችሁ ማን አንድ ሳምንት ተራዬን ያዘልኝ? እስቲ እጁን ያውጣ!»

እጅ አልወጣም።

መጋዘኑ ውስጥ አናጢው የሠራቸው የትልቁ መሥሪያ ቤት ስምንት ቁም ሳጥኖች ተፈትተው ተቀምጠዋል። ሰኞ መድረስ አለባቸው። በየጠርዛቸው ጭረት አለ፤ የሚያነበው አንድ ሰው ነው። ለሥራ አስኪያጁ ይህ የታየው አሁን ነው።

«ምልክቶቹን ለገጣሚያችን ቢያሳዩልንስ?» አለ ለስለስ ብሎ።

«አሳየዋለሁ። መኪናው ላይ፣ አጠገቤ ተቀምጦ። የመጋዙን ክፍል ሁላችንም በተራ እንገባለን፣ እንደ ድሮው። እምቢ ካላችሁ ሰኞ ቤቴ ነኝ። ጭረቱን ፍቁት፤ መፋቅ ታውቁበታላችሁ።»

ወረቀቱን ሥራ አስኪያጁ እጅ ላይ ትቶ ወጣ።

ሰኞ ጧት ቀድሞ መጣ። መኪናው ጋቢና ውስጥ ተቀመጠ፤ የመሣሪያ ሣጥኑን ጉልበቱ ላይ አኖረ። የሚስት ወንድምየው መጣና ቆሞ አየው። ከዚያ ጠጋ በሉልኝ ብሎ አጠገቡ ገባ። ሾፌሩ ቁልፉን ይዞ ወደ ቢሮው መስኮት ያያል።

ሥራ አስኪያጁ ወርዶ ወደ መኪናው መስታወት መጣ። «ጋሼ፣ አንድ ሰው ክፉ ነገር ቢናገርዎት እኛን እንዳይወቅሱን።»

«ከተናገረኝ እሱን እወቅሳለሁ» አለ አናጢው። «ጆሮም አፍም አለኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ሂዱም ቅሩም ሳይል ቆመ። ሾፌሩ ጥቂት ጠበቀ፤ ከዚያ ቁልፉን አዞረ። ከበሩ ሲወጡ አናጢው አሳለው፤ ቆይቶ ቆይቶ ለቀቀው። መስታወቱን እስከ መጨረሻው አወረደው።

«ብርድ ነው እኮ» አለ ሾፌሩ።

«ይሁን» አለ። «ይግባ።»