መስኮት የማይከፈትበት ቀን

«ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ በዚህ ቤት ውስጥ መስኮት አይከፈትም!»

እማማ ስታሜና ይህን ያወጁት ሳሎኑ መሃል ቆመው፣ ከዘራቸውን አንዴ ወለሉ ላይ መታ አድርገው ነው። ድምፃቸው የክተት አዋጅ የሚያስነግር ሰው ድምፅ ነበር። አዋጁን የሰሙት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ልጃቸው ቪዶዬና ከቤልግሬድ ለበዓሉ የመጣው የልጅ ልጃቸው ኡግሌሻ። መስኮቱም ቢሆን ብርዱ ከገባ ወዲህ የነካው ሰው አልነበረም።

«በዚህ ብርድ ማን መስኮት ይከፍታል፣ እማማ?» አለ ኡግሌሻ።

«አንተ። ጎመን ሸተተኝ ብለህ። ደግሞ እንግዳ እዚህ አይቀመጥም። ተሳልሞ፣ ንፍሮውን ቀምሶ፣ ወደ ወጥ ቤት! ሰው በተመላለሰ ቁጥር ነፋስ ይነሳል።»

ቪዶዬ ሻማውን ለኮሰ። ጠረጴዛው ላይ ሁሉም በየቦታው ነበር፤ ክቡ ዳቦ፣ በስኳርና በለውዝ የተለወሰው የስንዴ ንፍሮ፣ ቀይ ወይን በብርጭቆ። በምሥራቁ ግድግዳ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ከነፈረሱ። ይህ ቤት የኅዳር ጊዮርጊስን መዘከር መቼ እንደጀመረ የቪዶዬ ቅድመ አያትም አያውቁም ነበር አሉ። የዝክሩ ሕግ ጥቂት ነው። እንግዳ አይጠራም፤ ራሱ ይመጣል። የቤቱ ጌታ እስኪመሽ አይቀመጥም፤ ቆሞ ያስተናግዳል። ሻማው ከጧት ጀምሮ ይበራል፤ ማታ የቤቱ ጌታ ራሱ በወይን ጠብታ ያጠፋዋል። ከዚያ በፊት በራሱ የጠፋ እንደሆነ ግን፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ለከርሞው አይደርስም። የቪዶዬ አባት በሞቱበት ዓመት ሻማው ምሳ ሰዓት ላይ ጠፍቶ ነበር። እማማ ስታሜና ይህን ለጠየቃቸው ሁሉ ነግረዋል፤ ላልጠየቃቸውም።

በሌላ ዓመት ቢሆን ቪዶዬ በዚህ ይስቅ ነበር። ዘንድሮ ሚስቱ ሮሳንዳ ከተማ ሆስፒታል ተኝታለች። ጡቷ ላይ የወጣውን እባጭ የሚያወጡላት ዛሬ፣ ከቀን ሁሉ ዛሬ ነው። ሐኪሙ ቀኑን ሲነግራት «የጊዮርጊስ ዕለት?» ብላ ነበር። «ቢዘገይ ጥሩ አይደለም» ብሎ አጭር መልስ ሰጣት። ቪዶዬ አብሬሽ ልዋል ቢላትም እሺ አላለችም።

«እህቴ ኮሳራ አለችልኝ። አንተ ቤትህን ጠብቅ። ሰው መጥቶ በር ተዘግቶ እንዳያገኝ። ሻማውንም እይ።»

«ሮሳ፣ ፀሐይን የሚያህል ነገር ያበራ አምላክ የኛ ሻማ ምን ያደርግለታል?»

«ምንም። ብቻ እየው።»

ሻማው ራሱ ጣጣ ነበረው። ሮሳንዳ በየዓመቱ ገዳም ወርዳ፣ መነኮሳቱ ከንብ ሰም የሠሩትን ቢጫ ሻማ ታመጣ ነበር። ዘንድሮ ከምርመራ ወደ ምርመራ ስትል ጊዜ አጣች። ኡግሌሻ መንገድ ላይ ካለ ነዳጅ ማደያ ወፍራም ነጭ ሻማ ገዝቶ መጣ፤ ወገቡ ላይ የወርቅ ቀለም መቀነት ያለው።

«ይኸ የሠርግ ነው የዝክር?» አሉት አያቱ።

«ሰም ሰም ነው፣ እማማ።»

«ሰምማ ቢሆን።»

ረፋዱ ላይ ቄስ ቲሆሚር ዳቦውን ሊባርኩ መጡ። አብሯቸው ሚሎዬ ገባ፤ የቪዶዬ የሠርግ ሚዜ፣ በእንጆሪ ማቀዝቀዣ መጋዘኑም የሥራ ባልደረባው። በር የሚሞላ ሰውዬ ነው፤ ሐኪም አስፈራርቶት ሲጋራ ካቆመ ወዲህ ደግሞ ጎኑም ጨምሯል። ዳቦው ተቆረሰ፣ ወይን ፈሰሰበት፣ ተዘመረ። ከዚያ ሁሉም በእማማ ስታሜና ከዘራ እየተነዱ ወጥ ቤት ገቡ።

«አባ፣» አለ ቪዶዬ አረቄ እየቀዳ፣ ለሌላ ሰው የሚጠይቅ መስሎ፣ «ይኸ የሻማ ነገር... ጠፋ አልጠፋ እያለ ሰው የሚጨነቀው...»

«ባዕድ አምልኮ ነው» አሉ ቄሱ፣ መለኪያቸውን ወደ ብርሃን አንስተው ጥራቱን እያዩ። «እግዚአብሔር የጎደለው ነገር የለም። ሻማ ባናበራለት አይጨልምበትም። ባናመሰግነው አያንስም።»

«ታዲያ ዳቦውን ለምን ባረኩት?» አለ ኡግሌሻ።

«አያትህ ሌሊት ተነስተው ስላቦኩት። አልባርክም ብል በሕይወት እወጣለሁ?»

«እኔም ያለዚህ ልጅ ስልክ መኖር እችላለሁ» አሉ እማማ ስታሜና፣ በከዘራቸው ኡግሌሻን እያመለከቱ። «አልጎደለብኝም። ግን አንድ እሑድ ሳይደውል ይቅርና ልየው!»

«እኔም አረቄ አያስፈልገኝም» አለ ሚሎዬ። «ሰው ቀድቶ ሲያቀርብ ግን አላሳፍርም።»

ሳቁ ከቀልዱ በለጠ። ሳቁ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ሳሎኑ በር ዘወር አሉ፤ ወዲያው ደግሞ እንዳልዞሩ ሆኑ። ቄሱ ተሰናብተው ወጡ። ሲወጡ በሩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሕፃን የተኛበት ቤት ይመስል፣ ቀስ አድርገው ዘጉት።

እኩለ ቀን ላይ ኮሳራ ደወለች። «አስገቧት» ብላ ዘጋች።

ከዚያች ስልክ በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ ሳሎኑ ውስጥ ጉዳይ በዛበት። እማማ ስታሜና ዳቦው እንዳይደርቅ ሊያለብሱት ገቡ። ኡግሌሻ ስልኩን ሊሰካ ገባ፤ ወጥ ቤቱ መሰኪያ የሌለው ይመስል። ሚሎዬ የጊዮርጊስ ፈረስ ጫማ አለው የለውም የሚለው ነገር እንቅልፍ ነስቶት እንደኖረ ገልጾ ገባ። የገባው ሁሉ ትንሽ ቆይቶ፣ ምንም እንዳላየ ሆኖ ይወጣል።

የቪዶዬ ተራ የደረሰው አረቄ ሲያልቅ ነው። ጠርሙሱ ሳሎን ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። በሩን ገፋ አደረገ፤ ሻማው ጠፍቷል።

ጭስ አልነበረም። መጀመሪያ ያየው ይህንን ነው። ጭስ ቢኖር አሁን ጠፋ ይባላል። ክሩን በጣቱ ነካው፤ ቀዝቅዟል። የቀለጠው ነጭ ነገር ክሩን ውጦ ረግቷል። ከመቼ ጀምሮ? ሮሳንዳ በተሽከርካሪ አልጋ ስትገባ? ማደንዘዣው ሲወስዳት? ሊቀመጥ ወንበሩን ያዘ። መቀመጥ እንደማይፈቀድለት ትዝ ብሎት ለቀቀው።

ክብሪቱ ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት ከሥዕሉ ሥር የለም። ምድጃው ዘንድም የለም። ምድር ቤት ወርዶ፣ ከፍራፍሬ ሣጥኖቹ ጀርባ አሮጌ ክብሪት አገኘና ኪሱ ከቶ ተመለሰ። የረጋውን ነጭ ነገር በሹካ ቆፍሮ ክሩን አወጣው። በመጋዘኑ ውስጥ በረዶ የሆነ እንጆሪ በባዶ እጁ የሚለቅም ሰውዬ፣ አንድ የክብሪት እንጨት መጫር አቃተው። የመጀመሪያው ተሰበረ። ሁለተኛው ያዘ።

«አያስፈልግህም፤ አውቃለሁ» አለ በሹክሹክታ፣ ወደ ሥዕሉም ወደ ጣሪያውም ሳያይ። «ግን እሷን...» ቀሪውን እንዴት እንደሚሉት አላወቀም። ከለመነ ብዙ ዘመኑ ነው።

የተቃጠለውን እንጨት የአበባ ማሰሮው ውስጥ፣ አፈር ሥር ሊቀብር ሲል ሌላ የተቃጠለ እንጨት አገኘ። የአምና ይሆናል አለ። ሮሳንዳ ያንን ማሰሮ በየማለዳው እንደምታጸዳ ያውቃል፤ ግን የአምና ይሆናል አለ።

ወጥ ቤት ሲመለስ ጠርሙሱን ረስቶት ነበር። ማንም አልጠየቀውም።

«ሻማው?» አለ ሚሎዬ።

«ቀጥ ብሎ ይበራል።»

«እኔም ሳየው ቀጥ ብሎ ነበር።»

«እኔም» አለ ኡግሌሻ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ደግሞ ቢጠፋስ? ክሩ ቀጭን ነው፣ ፓራፊኑ ብዙ ነው። ፊዚክስ ነው።»

«እምነት ያለው ሰው ሻማ አይጠብቅም» አሉ እማማ ስታሜና። በርጩማቸው ከጧት ጀምሮ በሳሎኑ በር ሥር ነበረ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ መጣ፣ ሄደ። የመጣው ሁሉ «እንኳን አደረሳችሁ» ሲል ድምፁን ከፍ፣ «ሮሳንዳስ?» ሲል ዝቅ ያደርጋል። ቪዶዬ በጎመን የተጠቀለለውን ሥጋ ያቀርባል፣ አረቄ ይቀዳል፣ «ይደውላሉ» ይላል። እግሩ ዝሏል። ቀዶ ጥገናው ያልቃል የተባለበት ሰዓት አለፈ። ኮሳራ ዘንድ ደወለ፤ አታነሳም። ትንሽ ቆይቶ ደገመ፤ አታነሳም።

«አንዳንዱ ቀዶ ጥገና ይረዝማል፣ አባዬ» አለ ኡግሌሻ። «መርዘሙ መጥፎ ማለት አይደለም።»

«ፊዚክስ ነው?»

ልጁን አየው። አፉ አካባቢ ገርጥቷል፤ አምስት ዓመቱ ሳለ ጉንፋን ሲይዘው እንዲህ ነበር የሚገረጣው።

ሲመሽ የመጨረሻው እንግዳ ወጣ። ሚሎዬን ጨምሮ አራቱም ሳሎን ገብተው በጠረጴዛው ዙሪያ ቆሙ። የወይኑ ሰዓት ደርሷል። ግን ሮሳንዳ ከምን እንደደረሰች ሳይሰማ፣ ያንን ነበልባል በገዛ እጁ የሚያጠፋ ማን ነው? ቪዶዬ ስልኩን ከዳቦው አጠገብ አስቀመጠ። ሻማው ተመናምኖ የወርቁ መቀነት ላይ ደርሷል።

«ትንሽ እንቆይ» አለ።

«እንቆይ» አሉ እናቱ። «ልማድ ስለሆነ ነው እንጂ...»

«ልማድ ነው እንጂ» አለ ሚሎዬ።

የውጭው በር ብርግድ ብሎ ተከፈተ። በዝክር ቀን በር አይቆለፍ፤ ማንኳኳትም የለ። የላይ ቤቷ ጎረቤት ወይዘሮ ዴሳንካ በአንድ እጇ ትሪ፣ በሌላው ዣንጥላ ይዛ ደፉ ላይ ቆማለች። «እንኳን አደረሳችሁ! አረፈድኩ አይደል?» ከኋላዋ የኅዳር ነፋስ በሁሉም በር አልፎ ገባ።

ሻማው ጠፋ። አሁን ጭስ ነበረው። ቀጭን ጭስ፣ በአራት ሰው ፊት፣ ወደ ጊዮርጊስ ፈረስ ሽቅብ ወጣ።

 ማንም አላመነታም። አራት እጅ በአንድ ጊዜ ወደ ኪስ ገባ፤ አራት እጅ በአንድ ጊዜ ወጣ። እማማ ስታሜና ከሽርጣቸው ኪስ የምድጃውን ክብሪት ይዘው ነበር። ሲጋራ የተወው ሚሎዬ ከሥዕሉ ሥር የጠፋውን። ኡግሌሻ ገና ከሻማው ጋር ከነዳጅ ማደያው የገዛውን፤ ግማሹ አልቋል። ቪዶዬ የምድር ቤቱን።

ዓይን ለዓይን አልተያዩም። የተያዩት እጃቸውን ነው። ወይዘሮ ዴሳንካ ከደፉ ላይ «ምነው? ምን አጠፋሁ?» አለች፤ ዣንጥላዋንም ቀስ ብላ ዘጋች።

ያኔ ስልኩ ጮኸ። «ኮሳራ» ይላል።

«አባዬ፣ አንሳው!»

ቪዶዬ ስልኩን አየ፤ ክሩን አየ። እናቱ ከዘራቸውን ጥለው፣ በሁለት መዳፋቸው ሻማውን ከበቡ። ሚሎዬ ሄዶ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

«አንሳው እንጂ!» ኡግሌሻ ይህን ሲል እጁን ወደ ስልኩ አልዘረጋም። ሹካውን አንስቶ ክሩን ከቀለጠው ውስጥ እያወጣ ነበር።

«ቆይ» አለ ቪዶዬ።

የመጀመሪያው እንጨት ተሰበረ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ወደ ዳቦው ተጠጋ። ቪዶዬ ሁለተኛውን ጫረ።