መቶ አርባ ሦስቱ ያልተመዘገቡ ንብረቶች

ጋሽ በዛብህ የመሥሪያ ቤታችን ንብረት ኃላፊ ናቸው። በሞዴል 19 ደረሰኝ ገቢ ያልሆነ ነገር ግቢያችን ውስጥ አያድርም። አንዴ የቦንጋን ዝናብ ሸሽታ የገባች ድመት እንኳ «ይቺን ማን ተረከባት?» ብለው አስወጥተዋታል።

እኔ ሔርሜላ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ፤ ያኔ ግን የኮንትራት ነበርኩ፣ ውሌም ሊያልቅ ሳምንት ቀርቶት ነበር። የማንኪራን ንብ አናቢዎች ቀፎ የሚመዘግብ ፕሮግራም በፓይተን ጽፌ ነበር። አለቃችን እትዬ ብርቅዬ «ሐሙስ ከደካና ከቢታ ገነት ለሚመጡት እንግዶች አሳዪ። ከሠራ ቋሚ ትሆኛለሽ» ብለውኝ ነበር። ፕሮግራሙ ያለበት ኮምፒውተርም አንድ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ በዛብህ ደብተራቸውን ይዘው መጡ።

«እዚህ ውስጥ የጫንሽው ነገር አለ አሉ።»

«ኮድ መጻፊያ ነው ጋሼ። በነፃ የሚገኝ ነው።»

«የርዳታ ስንዴስ በነፃ አይደል የሚመጣው? ገቢ ይሆናል! አውጪው።»

ውስጤ ጨሰ። ማሽኑ በሚሠራበት ሲስተም፣ በኡቡንቱ ላይ፣ ፕሮግራም መጫንም ማስወገድም የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ጽፌ አስወገድኩት፤ ዞር ሲሉ መልሼ እንደምጭነው አውቃለሁ። እሳቸው ግን ትእዛዟን ደብተራቸው ላይ ገለበጧት።

«ይሄስ? ፓይተን የሚለው?»

«እሱ ከሲስተሙ ጋር አብሮ የመጣ ነው።»

«ደረሰኝ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ይውጣ።»

እዚህ ላይ ሰይጣን ሹክ አለኝ። ፓይተን ከወጣ ግማሹ ሲስተም ተከትሎት ይወጣል። ማሽኑ ግን የሚወጡትን ዘርዝሮ «ልቀጥል?» ብሎ ሳይጠይቅ ምንም አያጠፋም። ዝርዝሩን ሲያዩ ይደነግጣሉ፣ እኔም አንጀቴ ይርሳል ብዬ የይለፍ ቃሉን አስገባሁና ወንበሬን ለቀቅኩላቸው። የገለበጧትን ትእዛዝ፣ ስሙን ብቻ በፓይተን ቀይረው፣ በአንድ ጣታቸው እየለቀሙ ጻፉ።

ዝርዝሩ ወረደ። ጋሽ በዛብህ መነጽራቸውን ወለወሉ። የደነገጡ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ደስ ብሏቸው ነው።

«መቶ አርባ ሦስት ያልተመዘገበ ንብረት!» አሉ። «ኧረ ጋሼ፣ ቆይ!» ብዬ ሳልጨርስ የእሺታዋን ፊደል ተጫኗት።

ስክሪኑ ጠቆረ። ጥቁሩ ላይ ጥቂት ነጭ ጽሑፍ ብቻ ቀረ። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ የሚገባበት አይታወቅም ይባላል፤ እኔ አርቄ ቆፍሬ ራሴ ገባሁበት። ቋሚነቴ ዓይኔ እያየ ሄደ።

እትዬ ብርቅዬ በሩ ላይ ደረሱ። «እንግዶቹ መጡ! ምንድነው ይሄ?»

«ያልተመዘገበ ንብረት አስወጥቼ ነው» አሉ ጋሽ በዛብህ ኮራ ብለው።

«በሉ አሁኑኑ ይመለስ!»

ያኔ መመለሻዋ አንድ መስመር ትዝ አለችኝ፤ እዚያው ጥቁሩ ላይ የምትጻፍ ናት። እጄን ግን አጣጠፍኩ፤ ያደረብኝ ሰይጣን ገና አልለቀቀኝም።

«ሞዴል 19 ሳይቆረጥ ምንም አይገባም» አልኩ።

እትዬ ብርቅዬ አፈጠጡባቸው። ጋሽ በዛብህ እያላባቸው ደረሰኙን አወጡ። እኔ ትእዛዙን ሰጠሁ፤ ኢንተርኔቱ እየጎተተ ሲያወርድ፣ እሳቸው የእያንዳንዱን ስም ከስክሪኑ ላይ እየገለበጡ ሲጽፉ፣ እንግዶቹ ሁለት ሁለት ሻይ ጠጡ። መጨረሻ ላይ ስክሪኑ በራ። የማንኪራ ቀፎዎችም ተራ በተራ ወጡ፣ እንግዶቹም አጨበጨቡ።

የቋሚነት ደብዳቤዬን ልቀበል ስሄድ ጋሽ በዛብህ የንብረት ወጪ ማድረጊያውን ሞዴል 22 ዘርግተው ጠበቁኝ።

«ገቢ የሆነ ንብረት ተረካቢ ያስፈልገዋል» አሉ። መቶ አርባ ሦስቱም በስሜ ወጪ ሆነዋል። እየሳቅኩ ፈረምኩ።

ዘንድሮ ጅማ የተሻለ ሥራ አገኘሁና ክሊራንስ ልጠይቅ ገባሁ። ጋሽ በዛብህ ደብተራቸውን ገለጡ፣ መነጽራቸውን ቀስ ብለው ወለወሉ። ፈገግ ማለታቸውን እምላለሁ።

«መቶ አርባ ሦስቱን አምጪና ጠረጴዛው ላይ ደርድሪልኝ» አሉ። «ቆጥሬ እረከብሽና ትሄጃለሽ።»