ኤበርሃርድ የሚባል ቅድመ አያት

ገሳይ ከተማ፣ መንገድ ዳር ባለችው ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ ተነሥቼ፣ ደግሞ ተቀምጬ አስተናጋጇን አሰለቸኋት። ወይ ውጣ ወይ ተቀመጥ አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ዳገቱ ላይ፣ ከመምሬ ሀብታሙ ቤት፣ አባቴና ሁለት ሽማግሌዎች እኔን ከልጃቸው ከማርያማዊት ጋር ለማጋባት እየተነጋገሩ ነበር፤ ሽማግሌ በተላከበት ቤት ደግሞ ልጅቱን የሚያገባው ሰው ድርሽ አይልም። እኔን የመሰለ ቅብጥብጥ እንዴት አርፎ ይቀመጥ?

የጨነቀኝ ቆጠራው ነው። በእኛ አገር ጋብቻ ከመታሰቡ በፊት በሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት አያት ይቆጠራል። በመካከል አንድ ስም ከተገናኘ ነገሩ እዚያው አለቀ፤ ዘመድና ዘመድ አይጋባም። የእኛ ቆጠራ ደግሞ ሲጀምር ደህና ነው፤ እኔ አማኑኤል፣ አባቴ ደሳለኝ፣ አስናቀ፣ በላይነህ፣ አዳነ ይልና ስድስተኛው ላይ ኤበርሃርድ ይላል።

ኤበርሃርድ በቴዎድሮስ ዘመን ጋፋት ላይ ብረት ሊያቀልጡ ከመጡት ፈረንጆች አንዱ ነበር ይባላል። ንጉሡ መቅደላ ላይ ሲያልፉ እሱም አገሩ ገባ። ልጅ የወለደችለት የአገራችን ሴት ብዙም ሳትቆይ ሞተች፤ አዳነ የሚባል ሕፃን ብቻ ቀረ። ይህን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ስሙ ምን ማለት እንደሆነ ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም። የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ምላሴ አያርፍም።

ደብረ ታቦር ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ጀርመን አገር ተምሮ የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ደንበኛዬ ነው። አንድ ጠዋት የኤበርሃርድን ስም ብጠራለት ደስ ብሎት እስከ ግቢው በር ድረስ ሲያስረዳኝ ሄደ። የድሮ ጀርመኖች ልጆቻቸውን በአውሬ ስም ይጠሩ ነበር፤ በተኩላ፣ በድብ፣ በንስር። ኤበር ማለት ከርከሮ ነው፤ ሃርድ ደግሞ ብርቱ፣ ደፋር። ከርከሮ ለእነሱ ወደ ኋላ የማይል አውሬ ስለነበረ ጦረኞቻቸው ምስሉን በራስ ቁራቸው ላይ ያደርጉት ነበር። ክርስትና ሲገባም ስሙን አልተዉትም፤ መሳፍንት ተጠሩበት፣ ጳጳሳትም ተጠሩበት። እኔማ ከመምህሩ ሂሳብ መቀበሉን ሁሉ ረስቼ ነው የተመለስሁት።

ያንኑ ቀን ለአባቴ ነገርኋቸው። ሞፈር እየጠረቡ ነበር፤ መጥረቢያውን አስቀመጡና «ከርከሮ?» አሉ። ስለ ጦረኞቹና ስለ ጳጳሳቱ ባወራ ባወራ አልሰሙኝም። እሳቸው የሚያውቁት ከርከሮ ድንቻቸውን ሲቆፍር የሚያድረውን ርኩስ እንስሳ ነው። ካህን ቤት ገብቼ፣ በሽማግሌ ፊት፣ የከርከሮ ዘር ነን ልበል ወይ አሉኝ። ሠርጉ ላይ ግጥም ቢገጥሙብንስ አሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሡትም፤ ቆጠራው ላይ ምን እንደሚሉም አልነገሩኝም።

ሽማግሌዎቹ ከዳገቱ ሲወርዱ ገና ከአረማመዳቸው ነገሩ እንዳልሆነ አወቅሁ። አንደኛው ሽማግሌ፣ አያ አዲስዓለም፣ ትከሻዬን ያዙና፣ ከማርያማዊት ጋር ዘመድ ሆናችሁ ተገኛችሁ፣ በሀብተማርያም ትገናኛላችሁ፣ በቃ እርምህን አውጣ አሉኝ። አባቴ ከኋላ ቆመው መሬት መሬቱን ያያሉ።

ወዲያው ገባኝ። ሀብተማርያም የመምሬ ሀብታሙ ቅድመ አያት ነው። አዳነን ወላጅ ባጣ ጊዜ ቤቱ አስገብቶ ያሳደገው እሱ ነው፤ አዳነ እንጀራውን በልቷል፣ በሬውን ጠምዷል፣ ልጁ ግን አልነበረም። አባቴ ኤበርሃርድን አውጥተው በቦታው ያገኙትን ጨዋ ስም አስገቡ። ጨዋው ሰውዬ የማን አያት እንደሆነ ቆም ብለው አላሰቡም።

አባትን መቆጣት ነውር ነው። ቢሆንም ተቆጣሁ።

«አባዬ፣ ሚስቴን እህቴ አደረጓት» አልኋቸው።

«ደህና ስም ፈልጌ ነው» አሉ።

ዳገቱን ተያያዝሁት። አያ አዲስዓለም ጃኬቴን ይዘው ነውር ነው ቢሉኝ አልሰማኋቸውም። ገብቼ ምን እንደምል እንኳ አላውቅም ነበር። አጥሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ትንፋሽ ሰማሁ፤ አባቴ ናቸው። ቀድመውኝ ገቡ።

መምሬ ሀብታሙ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩን አልደነገጡም። መደቡን ቢያሳዩ አባቴ አልቀመጥም አሉ።

«መምሬ፣ ዋሽቼዎታለሁ። የአዳነ አባት ሀብተማርያም አይደለም፣ ኤበርሃርድ ነው። ፈረንጅ ነው። የስሙም ትርጉም ከርከሮ ነው አሉኝ።»

«ፈረንጅነቱን አውቃለሁ» አሉ መምሬ። «አያቴ ከአዳነ ጋር አንድ ቤት ነው ያደጉት። የጋፋቱ ፈረንጅ ልጅ ይሉት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዘመድ ነን አሉ?»

«እርስዎ አሉ እኮ። በሽማግሌ ፊት ውሸታም ልበልዎት?»

ሳልጋበዝ መደቡ ላይ ተቀመጥሁ። እኚህ ሰው አባቴን በሰው ፊት ከማዋረድ የልጃቸው ጋብቻ ቢቀር ይመርጡ ነበር! ልናደድባቸው ፈለግሁ፤ አልሆነልኝም።

ሽማግሌዎቹ ተጠርተው ተመለሱ። መምሬም ቆጠራው ከመጀመሪያው ይሁን አሉ። አባቴ ከእኔ ጀምረው አዳነ ደረሱ፣ ቆም አሉ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው «ኤበርሃርድ» አሉ። ማንም አልሳቀም። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አዩና ሳይጠየቁ ደግመው «ኤበርሃርድ» አሉ።

«ሰባተኛውስ?» አሉ መምሬ።

«አላውቀውም» አሉ አባቴ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። «ያንን አዳነም ሳያውቀው ሞተ።»

መምሬ ሀብታሙ ተነሥተው የአባቴን እጅ ያዙና መደቡ ላይ፣ ከአጠገባቸው አስቀመጧቸው።

«እኛም አናውቀው» አሉ። «እንግዲህ ልጅዎ ልጄን ያግባ።»