የሴቶቹ ቀለበት

ሾውከት ኻኑም በዕድሜዋ አንድም እንግዳ ከሦስት ጊዜ ባነሰ "ግቡ" ብላ አታውቅም። በመጀመሪያው ግብዣ ዘው የሚል ባለጌ ነው፤ በሁለተኛው የሚገባ ደግሞ የቸኮለ ርሃብተኛ። ሰው ማለት ሁለቴ "ኧረ አላስቸግርም" ብሎ በሦስተኛው ተገፍቶ የሚገባው ነው። ከፍትፍቱ ፊቱ የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ሁለቱ ግብዣ ለወግ ነው፣ ሦስተኛው ግን ከልብ ካልሆነ ከአፍ አይወጣም። ከቴህራን አትክልት ገበያ ጀርባ ባለው ሰፈር ይህን የማያውቅ ቢኖር ጡት ያልጣለ ሕፃን ብቻ ነው።

ያን የነሐሴ ቀትር ግን ተከራይዋ አጋ ሁሻንግ ማንም ሳይጋብዘው ከጣራ ላይ ግቢዋ ውስጥ ዱብ አለ። አንድ እግሩ ባዶ ነው፤ ከተረከዙ ደም ይወርዳል።

"በር እኮ አለኝ" አለችው።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ኻኑም። ላስቸግርዎ አልመጣሁም። ኮቴን ልውሰድና እወጣለሁ።"

"ወዴት?"

ሁሻንግ ወደ በሩ አየ፣ መልሶም ወደ መጣበት ጣራ።

የሁሻንግ ነገር እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት መንግሥት ነዳጁን ከእንግሊዝ እጅ ሲነጥቅ ይህ ቀጭን ጸሐፊ ከባለሥልጣን ጋር ወደ ደቡብ ተላከ። መሰላል ላይ ወጣና የእንግሊዙን ነዳጅ ኩባንያ ስም የያዘውን ሰሌዳ ከበሩ ላይ ነቅሎ አወረደ። ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ሲመለስም ሰፈሩ ከነሰሌዳው በትከሻ ተሸክሞ አስገባው። ሾውከት ሰሌዳውን ተቀብላ፣ ፊቱን ወደ ታች ገልብጣ፣ በኮምጣጤ የዘፈዘፈችውን ነጭ ሽንኩርት የያዘውን ጋን ከደነችበት። "እንግሊዝ ለዚህ አገር የሚረባ ነገር ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው ነው" ብላ ነበር፤ ሰፈሩ ስቋል።

አሁን የሚስቅ የለም። ባለፈው እሁድ ሻሁ ሸሽቶ ሰው ሐውልቱን በገመድ ሲጎትት ዋለ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከገበያው ወገን ተሸካሚው፣ የትግል ስፖርተኛው፣ ሥጋ ሻጩ ዱላውን ይዞ፣ ኪሱ አብጦ፣ "ሻሁ ለዘላለም ይኑር" እያለ ፈሰሰ። አፉ ያው የእሁዱ አፍ ነው። ብሩ የማን እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም፣ ማንም ግን አልጠፋውም። ነዳጁን የተቀማው እንግሊዝ ብቻውን ቢያቅተው አሜሪካንን ጠርቷል። መኪናዎች በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርተው፣ የሻሁን ፎቶ መስታወታቸው ላይ ለጥፈው ይሄዳሉ፤ ያላበራው ይሰበራል። ማዕዘኑ ላይ ያለው ጋዜጣ ቤት ነዷል። ነዳጁን የነጠቀውን መንግሥት በመደገፍ ስማቸው የታወቀውንም በየቤታቸው እየሄዱ እግራቸውን ይዘው ይጎትታሉ። "ሰሌዳ አውራጁ" ደግሞ በሰፈሩ ከማንም በላይ ስሙ የታወቀ ነው።

"ምድር ቤት ውረድ" አለችው ሾውከት። "ከጋኖቹ ኋላ። ቢያስነጥስህ እንኳ ዋጠው።"

ወረደላት። እሷም መከናነቢያ ቻዶሯን ግድግዳ ላይ ሰቅላ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ የግቢው ድንጋይ ላይ የፈሰሰውን ደም በውሃ ማጠብ ጀመረች።

በሩ ተንኳኳ።

የድሮ በር ሁለት ማንኳኪያ አለው። በግራ በኩል ድምፁ ወፍራም የሆነ የብረት ዱላ አለ፤ የወንድ ነው። በቀኝ ቀጭን ቀለበት አለ፤ የሴት ነው። ቤት ውስጥ ያለች ሴት ድምፁን ሰምታ መከናነብ አለመከናነቧን ታውቃለች። አሁን የተሰማው ቀለበቱ ነው። ሾውከት፣ ጎረቤቷ ባቱል ዳቦ ይዛላት የመጣች መስሏት ፀጉሯን ሳትሸፍን ከፈተች።

ደጁ በወንድ ተሞልቷል፤ ሁሉም ዱላ ይዘዋል።

ፊት ለፊት ነጭ ሱፍ የለበሰ ሰው ቆሟል፤ እጁ ገና ከቀለበቱ ላይ አልተነሳም። ከኋላው ያዶላህ አለ፤ አንገቱ የበሬ የሚያህል የፍራፍሬ ተሸካሚ። እናቱ በአራስነቷ ታማ ስትተኛ ጡት ያጠባችው ሾውከት ናት። ባለዱላዎቹ ፀጉሯን ሲያዩ፣ ማር ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ ሁሉም መሬት መሬት አዩ። ነጭ ለባሹ ብቻ ዓይኑን አልሰበረም።

ሾውከት ቻዶሯን ከግድግዳው ስባ ተከናነበች። ምላሷ እንደ ወትሮው ነበር።

"ቀለበቱን የመታው ማነው?"

ነጭ ለባሹ እጁን ከቀለበቱ ላይ አነሳ።

"ከመሃላችሁ ሴት ካለች ትግባ። ሻይ አፍልቻለሁ።"

ከኋላ አንዱ ፈገግ ማለት ጀመረና ያዶላህ ዞር ሲልበት ተወው።

"እመቤቴ፣ አንድ ሰው እንፈልጋለን" አለ ነጭ ለባሹ። ፋርስኛው ንጹህ ነው፤ አቧራ የለበትም፣ ሰፈርም የለበትም።

"በር ማንኳኳት ሳታስተምር ያሳደገችህ እናት የየት አገር ሰው ናት?"

ሰውዬው ሁለቱን ብረቶች አሁን ገና እንዳያቸው ሁሉ ተመለከተ። "ልዩነት አላቸው?"

ባለዱላዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከጠዋት ጀምሮ ሲከተሉት የዋሉት ሰው የየት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባቸው። የየት እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም፤ ኪሳቸው አላስጠየቃቸውም።

ሾውከት ነገሩን ቶሎ ያዘችው። እጇን ወደ ውስጥ ዘረጋች።

"ግቡ እንግዲህ። ቤቱ የናንተው ነው።"

"ኧረ እናታችን፣ አናስቸግርም" አሉ ተሸካሚዎቹ ባንድ አፍ። ዱላ የጨበጠው እጃቸው ደረታቸው ላይ ሆነ።

"በሞቴ ግቡ።"

"አላህ ይስጥልን፣ አይሆንም።"

ሁለት ሆነ። ሦስተኛውን ብትል መግባታቸው ነው። አፏን ዘጋች።

"ግቡ አለቻችሁ እኮ። ምን ትጠብቃላችሁ?" አለ ነጭ ለባሹ፤ እግሩንም ደፉ ላይ አሳረፈ።

ያዶላህ መዳፉን ደረቱ ላይ ለጠፈበት። "ቤቱ ውስጥ ወንድ የለም። አይገባም።"

"እኛስ የመጣነው ወንድ መኖር አለመኖሩን ልናይ አይደል?"

ሰውዬው ቀለበት ባያውቅም ሞኝ አልነበረም። ለማን እንደሚፈቀድ ጠየቀ። አንድ ምላሱን የማይገዛ ሥጋ ሻጭ፣ "ያዶላህ ጡቷን ጠብቷል። እንደ ልጇ ነው፣ ለሱ ይፈቀዳል" አለ።

"እንግዲያው ያዶላህ ይግባ። እኔ እዚሁ ነኝ" አለ ነጭ ለባሹ፤ ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ማታ ከተማዋ የማን እንደምትሆን ታውቃለህ" አለው።

ያዶላህ ገባ። ሾውከት ተከተለችው። ምድር ቤቱ አፍ ላይ፣ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ቆሙ። ከሾውከት ነጠላ ጫማ አጠገብ አንድ ያልተጣመደ የወንድ ጫማ፣ አፍንጫው ወደ በሩ ዞሮ፣ በወግ ተቀምጧል። ነፍሱን ሊያተርፍ የሚሸሸው ሰው የሰው ምንጣፍ ላለማቆሸሽ ጫማውን አውልቆ ወርዷል።

ሾውከት በሆዷ ረገመችው። ያሳደገችውን እናቱንም አብራ ረገመች፤ ከዚያ የናቱን ተወችው።

ያዶላህ ጫማውን አየና ምንም ሳይል ወረደ። ጋኖቹ ጋ ደርሶ አንዱን ክዳን ገለበጠ። በጨለማው ውስጥ የናስ ፊደሎች አብረቀረቁ። ሁለቱም ማንበብ አይችሉም። ሰሌዳውን ግን ሁለቱም ያውቁታል።

"ያን ቀን እኔ ትከሻ ላይ ነበር" አለ ያዶላህ በሹክሹክታ።

"ከብዶህ ነበር?"

"ከነሰሌዳው እንኳ አልከበደኝም።"

"ታዲያ ዛሬ ምን ከበደህ?"

"ልጆች አሉኝ፣ እማ።"

"እሱስ የሰው ልጅ አይደለም? ጡቴን ስትጠባ ዱላ አልነበረህም፤ ከየት ነው ያመጣኸው?"

ከጋኖቹ ኋላ ትንፋሽ ተሰማ፤ ወዲያው ታፈነ። ያዶላህ አንገቱን ወደዚያው አዞረ። ሾውከት እጇን በእጇ ጨብጣ ቆመች። ያዶላህ ጣቱን ጋኑ ውስጥ ከቶ አንድ ነጭ ሽንኩርት አወጣ፣ ቀስ ብሎ አላመጠ፣ ዋጠ። ክዳኑን መለሰው። ወደ ላይ ሲወጣ ጫማውን አንስቶ ኮቱ ሥር ወሸቀው።

"አሮጊቷና ነጭ ሽንኩርቷ ናቸው" አለ ደጅ ሲደርስ።

ነጭ ለባሹ ሽታውን ሰማ። ዓይኑ ከያዶላህ አፍ ወደ ኮቱ ወረደ፤ እዚያው ላይ ቆመ። ሾውከት ደፉን በእግሯ ተቆናጠጠች። በዚህ መሃል ከሻይ ቤቱ ሬድዮ የማይታወቅ ድምፅ ጮኸ፤ ጣቢያው ተይዟል፣ መንግሥት ወድቋል እያለ። ባለዱላዎቹ እየዘለሉ ወደ ዋናው መንገድ ሮጡ። ነጭ ለባሹ ቀለበቱን በአንድ ጣቱ ቅጭል አደረገውና፣ ፈገግ ብሎ፣ ተከተላቸው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቀለበቱ እንደገና ተሰማ።

ሾውከት አልተንቀሳቀሰችም። ዕድሜ ልኳን ያመነችው ድምፅ ከእንግዲህ ምንም አይነግራትም። ተከናነበች፣ ዓይኗ ብቻ እስኪቀር፤ ከዚያ ከፈተች።

ያዶላህ ብቻውን ነው። ጫማውን ዘረጋላት።

"በሴቶቹ አንኳኳህ" አለችው።

"ጎረቤት በወንዶቹ ሰምቶ ማን መጣ እንዳይል ነው። ያ ሰውዬ ሽንኩርት ለመብላት ብዙ ቆየህ ብሎኛል፤ ነገ ጠዋት ራሱ ይመጣል። ወደ ቁም ከተማ የሚሄደው የሐብሐብ መኪና ማዕዘኑ ላይ ቆሟል። ቻዶር አልብሺው። እስከ መኪናው እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ ሆነን እንሄዳለን፤ ሴት የሚፈትሽ የለም።"

ሁሻንግ የሾውከትን ቻዶር ለብሶ፣ ጫፉን እየረገጠ ወጣ። በእግሩ የሷን ነጠላ ጫማ አድርጓል፤ አንዷን የራሱን ጫማ በብብቱ ይዟል። ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ኻኑም፣ ይህን ሁሉ ላስቸግርዎ..."

"ዝም በል። ጨዋ ሴት መንገድ ላይ አታወራም።"

ሄደ። ያዶላህ ግን ወዲያው አልተከተለውም። ዱላው በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ የደረቀ ነገር አለ፤ የሐብሐብ ጭማቂ አይደለም።

"ነገ መንገድ ላይ ብታገኚኝ አላውቅሽም፣ እማ። አንቺም አታውቂኝም።"

ሾውከት ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ከልማድ፣ ከዚያ ከማይለቅ ልማድ፣ "ግባ፣ ሻይ ጠጣ" አለችው።

"አይ፣ አላስቸግርሽም።"

ቆመና ጠበቀ። ሁለተኛውን ነው የሚጠብቀው። ሾውከት እሱን አየች፣ ዱላውን አየች፣ በማዕዘኑ በኩል የሚወጣውን የጋዜጣ ቤቱን ጭስ አየች። የሐብሐቡ መኪና ገና ሳይመሽ መብራቱን አብርቶ ቆሟል፤ ቻዶር የለበሰችው ረጅም "ሴት" ልትሳፈር ትንጠራራለች።

ሁለተኛውን አላለችም።

ያዶላህ ዱላውን አነሳና ወደ መኪናው ሄደ።