ከአንገት በታች

አፍንጫዋን በላት። እጇን ማንሳት ግን የለባትም። በነርሲንግ ትምህርት ቤቱ የልምምድ ክፍል፣ የመለማመጃው አሻንጉሊት በሚተኛበት አልጋ ላይ ዛሬ የተኛችው የክፍሉ ሰቃይ ራሷ ናት። አዲሷ መምህርት "እስከ ምሳ ድረስ ከአንገትሽ በታች አይታዘዝልሽም" ብላታለች። አጠገቧ ባለው አልጋ ሌላ ልጅ ታማሚ ሆኖ ተኝቷል፤ የቀሩት ተማሪዎች ነርሶች ናቸው።

ሰቃይዋ ትናንት የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ቢሮ ድረስ ሄዳ፣ ፈተና ደርሶብን መምህርቷ ዕቃ ዕቃ ታጫውተናለች ብላ ከስሳ ነበር። እሳቸውም ነገ መጥቼ አስቆመዋለሁ ብለዋታል።

አሁን ግን ጉድ ፈላ። ትራሱ ተንሸራቶ አንገቷ ተቆልምሟል፣ ጉሮሮዋ ደርቋል። ጓደኞቿ ግፊቷን ለኩ፣ ሙቀቷን ለኩ፣ እየተሳሳቁ ጻፉ። ውሃ ስትላቸው "መጣን" ብለው በዚያው ቀሩ። ብሽቅ አለች። ወዲያው ግን ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል ውስጥ "ልጄ፣ ልጄ" እያሉ የጠሯት እናት ትዝ አሏት። እሷም "መጣሁ" ብላ ቀርታለች። አቤት ማፈሯ! ግን ልቧ በደስታም ይዘል ነበር፤ ይህን የትኛውም መጽሐፍ አልነገራትም።

በሩ ተበርግዶ ኃላፊው ገቡ። ጸጉራቸው በነርስነት የሸበተ ሰው ናቸው።

"ይሄ ጨዋታ ዛሬ ያበቃል፤ ተነሱ" አሉ።

አጠገቧ የተኛው ልጅ ዘሎ ተነሳ። መምህርቷ ከንፈሯን ነከሰች፤ ብትከራከር ሥራዋም አብሮ ሊሄድ ነው። ሰቃይዋ ንቅንቅ አላለችም።

"ትናንት የከሰስሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?" አሏት ኃላፊው።

መምህርቷ ዞር ብላ አየቻት። የሰቃይዋ ፊት እሳት መሰለ።

"እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ። ግን መነሳት አልችልም። እባክዎ፣ እርስዎ ውሃ ያጠጡኝ።"

ኃላፊው ሰዉ ሁሉ እያያቸው እምቢ ማለት ከበዳቸው መሰለኝ፣ ብርጭቆውን አንስተው አፏ ላይ ደፉት። ውሃው በአገጯ ወርዶ ደረቷን አራሰው፤ ትን አላት።

"መጀመሪያ ራሴን ቀና ያድርጉልኝ" አለች ሳሉ ሲለቃት። "ከዚያ ቀስ እያሉ።"

ክንዳቸውን ከአንገቷ ስር አስገብተው ቀና አደረጓት። ጠጥታ እስክትረካ ዓይናቸውን ከፊቷ አልነቀሉም።

"ይሄ እጅ ከማህተም ሌላ ነገር ከያዘ ስንት ዘመኑ" አሉ፣ ለራሳቸው ያህል።

ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ጣል አደረጉ። ልጁ የተነሳበት አልጋ ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ክር ይፈቱ ጀመር።

"እኔንስ" አሉ ወደ መምህርቷ ቀና ብለው፣ "ምኔን ነው የሚያመኝ?"