በድንገተኛ ክፍሉ በር በእግሯ

ለሶፋ ሰሪው ሴት ልጁን ወደ ድንገተኛ ክፍል ማመላለስ ሁለተኛ ሥራው ሆኗል። ልቧ ሲደልቅ፣ ጣቶቿ ሲደነዝዙ፣ «አባዬ፣ መሞቴ ነው» ስትል ያቺን አሮጌ ፒክአፕ አስነስቶ ይከንፋል። እዚያ ይመረምሯታል፤ ልቧ ጤነኛ ነው። ሕመሙ ጭንቀት ነው ይባላሉ፣ ትረጋጋለች፣ ይመለሳሉ። ደግሞ ይሄዳሉ። ዘበኛው መኪናዋን ገና በድምፅዋ ያውቃታል፤ ተሽከርካሪ ወንበሩን እየገፋ «ደንበኛችን መጣች!» ይላል። በክፋት አይደለም። አባትየውን ግን አንጀቱ ድረስ ይሰማው ነበር።

አዲሷ የአእምሮ ሐኪም ሌላ ነገር አመጣች። «ሲያምሽ ብቻ አትምጪ፤ በየሐሙሱ ጠዋት ነይ። ደህና ብትሆኚም ነይ፤ እጠብቅሻለሁ» አለቻት። አባትየው በሆዱ ሳቀ። ደህና የሆነ ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል?

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ የአንድ ትልቅ ሶፋ ጨርቅ ሲወጥሩ የልጅቱ ጣቶች ደነዘዙ። ፊቷ ዐመድ መሰለ። አባትየው በከንፈሩ የያዛቸውን ሚስማሮች እንትፍ ብሎ ቁልፍ ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ።

«ተነሽ፣ እንሂድ!»

«ቁጭ በል፣ አባዬ።»

«ምን ቁጭ በል ትይኛለሽ! ላቡ እኮ አጠመቀሽ!»

«አውቀዋለሁ፤ መጥቶ ይሄዳል። ነገ ቀጠሮ አለኝ፣ እስከ ነገ ልቻለው። አንተ ጨርቁን ብቻ ያዝልኝ፣ እንዳይላላ።»

ያዘ። ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ ሲይዝ ኖሯል፤ እንደዚህኛው የከበደው ግን የለም። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ጭኑን የሚፈጀው መሰለው። ልጅቱ ትንፋሿን ቀስ አድርጋ ሳበች፣ ቀስ አድርጋ ለቀቀች፣ አንድ ሚስማር መታች። ጠመመ። ነቀለችና ሌላ መታች። እሱም ጠመመ። ከብዙ ጠማማ በኋላ አንዱ ቀጥ ብሎ ገባ።

«አባዬ» አለች ግንባሯን በክንዷ እየጠረገች፣ «አንተ ነህ የገረጣኸው። ውሃ ላምጣልህ?»

በማግስቱ ፀጉሯን አበጥራ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሳ መኪናው ውስጥ ገባች። አባትየው የቀጠሮውን በር አልፎ ድንገተኛ ክፍሉ ደጃፍ ላይ አቆመ። ዘበኛው እንደ ልማዱ ወንበሩን እየገፋ ሮጠ።

«ደንበኛችን! ዛሬስ ምን ሆና ነው?»

«ምንም አልሆነችም!» አለ አባትየው፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «ደህና ሆና ነው የመጣችው። በቀጠሮ!»

ዘበኛው ባዶውን ወንበር አየ፣ ልጅቱን አየ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ የሮጥኩት በከንቱ ነው? በሉ ጋሼ፣ እርስዎ ይቀመጡበት!»

ልጅቱ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ የአባቷን እጅጌ ሳብ አድርጋ፣ «አባዬ፣ የቀጠሮው በር እኮ በዚያ በኩል ነው» አለችው በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ» አለ ሶፋ ሰሪው የኮቱን ኮሌታ እያስተካከለ። «በዚህ እንለፍ። በእግርሽ ስትገቢ አንድ ቀን እንኳ ይዩሽ።»

እንደ ልማዱ ሊደግፋት የዘረጋውን ክንድ ሰበሰበና አስቀደማት።